አባትን ከልጁ ያገድኩበት በር

ፍርሃትን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ልጅ ሆኜ ጅብ ሲጮህ ፈርቻለሁ። ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ስንሄድ አዞ አጠገባችን ብቅ ሲል ፈርቻለሁ። እነዚያ ሁሉ ግን የሚታዩና የሚሰሙ ነገሮች ነበሩ። የማይታይ፣ የማይሸት፣ ድምፅ የሌለው ነገር ሰው ሲጥል ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አርባ ምንጭ ውስጥ፣ በሚያዝያ ዝናብ፣ በጠዋት። ከዚያ ወዲህ ፍርሃት የሚለው ቃል ለእኔ ሌላ ትርጉም አለው።

በዚያን ጊዜ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ ጀማሪ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት ዶርዜ ነው፤ አባቴ ሸማኔ ነው። በቤታችን ትልቅ ሰው ሲናገር ልጅ ዐይኑን መሬት ላይ ይጥላል፤ እኔም እንደዚያው ሆኜ አደግሁ። ከከተማው ላይኛ ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ወደ ሲቀላ በሚኒባስ ስሄድ “ወራጅ አለ” ማለት አፍሬ መውረጃዬን አልፌ በእግሬ የተመለስኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ሰናይት ማለት ድምፅ የሌላት ልጅ ናት ይሉ ነበር፤ እውነታቸውን ነው።

ሥራ ያገኘሁት ወደ ሲቀላ በሚያወርደው መንገድ ዳር ባለ አንድ ትንሽ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። እዚያ ያገኘኋት ምሕረት በሥራም በዕድሜም ትበልጠኛለች። ከተማው አጠገብ ያለችው የጫኖ ልጅ ናት፤ ሳቂታ፣ ፈጣን፣ እጇ የማይንቀጠቀጥ። ሲቀላ አንድ ክፍል አብረን ተከራይተን እንኖር ነበር። ሥራውን ያስተማረችኝ እርሷ ናት፤ ምንም የደበቀችኝ ነገር የለም።

ሥራችን የታመመ ስኳር ድንች ማዳን ነበር። ስኳር ድንች እንደምታውቁት የሚተከለው ሐረጉ እየተቆረጠ ነው። ስለዚህ እናቲቱ ላይ ያለ ቫይረስ እስከ ልጅ ልጆቿ ይወርዳል። ቅጠሉ ይኮማተራል፣ ይወይባል፤ ሲቆፈር ከጣት የማይወፍር ነገር ይወጣል። የሚረጭ መድኃኒት የለውም። ነገር ግን ቫይረሱ እምብዛም የማይደርስበት አንድ ቦታ አለ፤ የቀንበጡ የመጨረሻ ጫፍ። በዐይን ለማየት የምታስቸግር ነገር ናት። ያቺን በማይክሮስኮፕ ሥር ቆርጠን፣ ብርዱን እንድትችል በስኳር ውኃ አቆይተን፣ ፈሳሽ ናይትሮጂን ውስጥ እንነክራታለን። ብርዱ ከዜሮ በታች ወደ ሁለት መቶ ዲግሪ ይጠጋል። ውኃ የቋጠሩትና ቫይረሱ ያለባቸው ትልልቆቹ ሴሎች በበረዶ ተሰነጣጥቀው ይሞታሉ፤ ጫፏ ላይ ያሉት ጥቃቅኖቹ ይተርፋሉ። ከእነርሱ ንጹሕ ተክል ይበቅላል።

ፈሳሽ ናይትሮጂኑ የከብት ማዳቀያ ባለሙያዎች በታንክ ይዘውት የሚዞሩት ዓይነት ነው። መርዝ አይደለም፤ ከምንተነፍሰው አየር አብዛኛው እርሱ ራሱ ነው። ክፋቱ ሲተን ነው። ጥቂቱ ተንኖ ክፍል ይሞላል፤ የምንኖርበትን ኦክስጅን ገፍቶ ያስወጣል። ሳንባችን እንደ ወትሮው ስለሚተነፍስ መታፈናችንን አናውቅም። አንድ ሁለት ጊዜ ተንፍሶ ሰው ይወድቃል። ምሕረት ይህን ስታስረዳኝ ሁልጊዜ ፈገግታዋ ይጠፋ ነበር። አንድ ቀን እጄን ይዛ፣ “እዚህ ክፍል ውስጥ ሰው ወድቆ ካየሽ ዘለሽ እንዳትገቢ” አለችኝ። “እኔም ብሆን።” ያን ቀን እንደ ማንኛውም ትምህርት ሰምቼ አለፍኩት።

የሆነው የሆነ ዕለት የምሕረት አባት ጋሽ አንጁሎ ከጫኖ መጥተው ነበር። በመጀመሪያው ዙር ብርዱን አልፈው የበቀሉትን ችግኞች ልናሳያቸው ቀጥረናቸዋል፤ ሐረጉ መጀመሪያ የመጣው ከእርሳቸው ማሳ ነው። ረጅም፣ ደረቀ ያለ ሰው ናቸው። በፕላስቲክ ጫማቸው ላይ የጫኖ ጭቃ እንደ ተለጠፈ፣ ዝናብ የመታውን ኮታቸውን በር ላይ አራግፈው ገቡ። አብሮን የሚሠራው አለቃችን ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄዷል። ግቢው ውስጥ ያለነው ሦስታችንና ዘበኛው ጋሽ ታደለ ብቻ ነን።

መብራት ከጎሕ ጀምሮ የለም። ጄኔሬተሩ የሚያበራው የችግኞቹን ክፍል ብቻ ነበር። ናይትሮጂኑ የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል አየር ማውጫ ቆሟል ማለት ነው፤ መስኮቱም ዝናብ እንዳይገባ ተዘግቷል። ማንም ያላወቀው ደግሞ ታንኩ በዚያው ጠዋት መበላሸቱን ነው። ታንኩ ብርዱን አምቆ የሚይዘው በሁለቱ ግድግዳዎቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ነው። ያ ቦታ አየር ሲያስገባ ፈሳሹ እንደ ተጣደ ውኃ ይፈላል። ለሰዓታት ሲፈላ፣ ክፍሉን ሲሞላ ቆይቷል። ድምፁን ዝናቡ ውጦታል።

ጋሽ አንጁሎን ወደ ችግኞቹ ክፍል አስገባናቸው። በብልቃጥ ውስጥ የቆሙትን ትንንሽ ተክሎች ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩና፣ በዚያ ሁሉ ብርድ ውስጥ ያለፈ ነገር እንዴት ሕይወት ይኖረዋል ብለው ልጃቸውን ጠየቋት። ምሕረት እየሳቀች አስረዳቻቸው። ከዚያ በኋላ ናይትሮጂኑ ክፍል ውስጥ ትናንት የነከረቻቸው አዲስ ጫፎች የሚወጡበት ጊዜ መድረሱን ነግራን፣ ጓንቷን አነሣች። “መጣሁ” ብላ ወጣች።

እኔና አባቷ ወሬ ቀጠልን። በጋሞኛ ነበር የምናወራው፤ እዚህ የተነጋገርነውን ሁሉ በአማርኛ የማሰፍርላችሁ እኔ ነኝ። የአጎራባቾቻቸው ስኳር ድንች እንዴት እንደ ጠፋ፣ ብዙ ሰው ነቅሎ ሙዝ እንደ ተከለበት ነገሩኝ። እኔ እሰማለሁ፤ ዐይኔ ግን ወደ በሩ መሄድ ጀመረ። ጫፎቹን ማውጣት ፈጣን ሥራ ነው። ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ወዲያው ካልገቡ ይሞታሉ፤ ውኃው ደግሞ እኔ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ምሕረት የምትዘገይበት ምክንያት አልነበረም። ልጠራት ተነሣሁ።

ኮሪደሩ ጨለም ብሏል። የዚያ ክፍል በር ከወገቡ በላይ የእጅ መስተዋት የምታክል ማያ ብርጭቆ አለችው። ከመድረሴ በፊት እግሬን ቀዘቀዘኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ከበሩ ሥር ነጭ ጭጋግ እየሾለከ ኮሪደሩ ላይ ይሳባል። በብርጭቆዋ ወደ ውስጥ ተመለከትኩ። የታንኩ አንገትና ትከሻ በአመዳይ ነጭ ሆኗል። ምሕረት ከበሩ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ በጎኗ ተኝታለች፤ ጭንቅላቷ ወደ እኔ ነው። ወደ በሩ ስትመለስ ነው የወደቀችው። ዐይኗ ግማሽ ተከፍቷል። የማያይ ዐይን ነበር።

እጄ የበሩን እጀታ ይዟል። እዚያ ላይ ቆምኩ። የቆምኩትን ያህል ጊዜ አላውቀውም፤ ምናልባት ሁለት ጊዜ ዐይን የማርገብገብ ያህል። መላ ሰውነቴ ግቢ ይለኛል፤ የእርሷ ድምፅ ደግሞ ጆሮዬ ውስጥ እንዳትገቢ ይላል። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ጋሽ ታደለን በስሙ ጠርቼ፣ በውጭ በኩል ዞሮ የክፍሉን መስኮት በድንጋይ እንዲሰብረው ጮህኩበት። ከኋላዬ ግን ቀድመው የደረሱት አባቷ ናቸው።

አየኋቸው፤ በብርጭቆዋ ሲያዩአት አየሁ። ገፉኝና እጀታውን ያዙ።

ከፊታቸው ገብቼ በሩን በጀርባዬ ደገፍኩት። “አባቴ፣ አይግቡ” አልኳቸው። “ውስጡ አየር የለም። ከገቡ እርስዎም ከላይዋ ይወድቃሉ።”

“ልጄ ናት” አሉ።

ይህችን ብቻ እየደጋገሙ፣ በመጀመሪያ በእርጋታ፣ ከዚያ በጉልበት ይገፉኝ ጀመር። እኔ ትልቅ ሰው ፊት ቀና ብዬ የማላውቀው፣ የአባቴን ዕድሜ ያህል ሰው ኮት አንቄ ያዝኩ። ክርናቸው አፌን መታኝ፤ ደም ቀመስኩ። አልለቀቅኋቸውም። ውጭ ጋሽ ታደለ መስኮቱን ሲመታ ይሰማኛል፤ የብረት ፍርግርጉ እየከለከለው ድንጋዩ ይነጥራል፣ መስተዋቱ አይሰበርም። እያንዳንዱ ምት ባዶ ሲሆን ምሕረት እየሄደች እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ በጀርባዬ የያዝኩት በር በእርሷና በአባቷ መካከል ነው። ካቃሰተች አልሰማትም፤ ከሞተች ደግሞ አባቷን የከለከልኩት እኔ ነኝ።

የመስኮቱ መስተዋት ተሰበረ። ድምፁን ስሰማ ከበሩ ዞር አልኩና ራሴ ከፈትኩት፤ አየር በሁለቱ በኩል እንዲሻገር። ይህን ያደረግሁት እርሳቸውን ትንሽ ቆዩ ብዬ ለመለመን ጊዜ ያለኝ መስሎኝ ነው። አልነበረኝም። በሩ ገርበብ እንዳለ እጄን አስለቅቀው ግማሽ አካላቸውን አስገቡ። ጎንበስ ብለው የልጃቸውን ትከሻ ሲነኩ፣ ያ ነጭ ነገር እስከ ደረታቸው ሸፈናቸው። ከዚያ ጉልበታቸው ታጠፈ። አልጮኹም፣ አላሳሉም። ልክ የደከመው ሰው ቁጭ እንደሚል ቁጭ አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰውነቴ ነው የሠራው። ትንፋሼን ዋጥኩ። ከኋላ የኮታቸውን አንገትጌ ይዤ ባለኝ አቅም ሁሉ ወደ ኮሪደሩ ጎተትኳቸው፤ በጀርባቸው ወደቁ። በውጭ በር በኩል ሮጬ ወጥቼ ዝናቡ ውስጥ ተነፈስኩ። እንደ ገና ሳንባዬን ሞላሁና ተመለስኩ። ምሕረትን ከብብቷ ሥር ያዝኳት። እንዴት እንደምትከብድ! ትንፋሼ ሊፈነዳ ደረቴን ይገፋል፤ አፌን ብከፍት ሁለታችንም እዚያው እንደምንቀር አውቃለሁ። ዐይኔን ጨፍኜ ሳብኳት። ጋሽ ታደለ ደርሶ እግሯን ሲይዝ ብቻ ነው ዐይኔን የከፈትኩት። ከኮሪደሩ አውጥተን ጭቃው ላይ አስተኛናት።

ጋሽ አንጁሎ በራሳቸው ነቅተው፣ ግድግዳ ይዘው ተከትለውን ወጡ። የምሕረት ከንፈር ሰማያዊ ሆኗል። ከታንኩ ተረጭቶ ጓንቷ ውስጥ የገባው ፈሳሽ የቀኝ እጇን ጣቶች ነጭ አድርጓቸዋል፤ እንደ ሰም። አፌን አፏ ላይ አድርጌ እንደ ተማርኩት ተነፈስኩላት። የእኔ ደም ፊቷ ላይ ቀረ። ከብዙ ልፋት በኋላ ደረቷ ራሱን ችሎ ከፍ አለ፣ ቆመ፣ እንደ ገና ከፍ አለ። እርሷ ግን አልነቃችም።

አምቡላንስ አልጠበቅንም። ጋሽ ታደለ ባጃጅ አቁሞ አመጣ። ከኋላ ወንበር ላይ እኔና አባቷ ተቀምጠን በጉልበታችን ላይ አጋደምናት። ጎርፍ መንገዱን ሞልቷል፤ ባጃጇ በተንገጫገጨች ቁጥር ጣቴን አፍንጫዋ ሥር አደርጋለሁ። ጋሽ አንጁሎ ጭንቅላቷን ደግፈው ይዘዋል። አንድም ጊዜ አላዩኝም።

ሆስፒታል ውስጥ ኦክስጅን ተደረገላት። ሐኪሙ አእምሮዋ ለምን ያህል ጊዜ አየር እንዳጣ ጠየቀኝ። አላወቅሁም። የማላውቅ መሆኔን ስነግረው አባቷ አጠገቤ ቆመው ይሰሙ ነበር። ልትነቃ ትችላለች፣ ላትነቃም ትችላለች፤ ብትነቃም ምን ይዛ እንደምትነቃ አሁን መናገር አይቻልም አለን።

ያን ቀንና የሚቀጥለውን በሆስፒታሉ በረንዳ ላይ አሳለፍን። እናቷ ከጫኖ መጣች፤ ጎረቤትና ዘመድ ተከትሏት መጣ። ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁ ጋሽ አንጁሎ አይመልሱም። ዝምታቸው ነው ያስፈራኝ። “ይህች ልጅ በር ላይ ቆማ ከለከለችኝ” ቢሉ ማን ምን ይለኛል? እውነት አይደለም ልል አልችልም። አንዲት አክስቷ ያበጠውን ከንፈሬን አይታ፣ ልጄን ስታወጪ ነው የተጎዳሽው ብላ ስትመርቀኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የተቀመጥኩት ከሰዎቹ ራቅ ብዬ ነው። ነርሷ ከክፍሉ በወጣች ቁጥር ብድግ እላለሁ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባራ። ጋሽ አንጁሎ ተነሥተው ወደ እኔ መጡ። ሊናገሩኝ የፈለጉትን ለመቀበል ቆምኩ፤ ዐይኔን መሬት ላይ ጣልኩ። ቁጭ በይ አሉኝ። እርሳቸውም አጠገቤ ተቀመጡ።

“ምንም አልታወቀኝም” አሉ።

ስለ ምን እንደሚያወሩ አልገባኝም ነበር።

“ጎንበስ ስል ልጄን ነካኋት። ከዚያ ጣራ ነው ያየሁት። መሐሉን አላውቀውም። ቢጨንቀኝ፣ ትንፋሽ ቢያጥረኝ፣ ልሸሽ እችል ነበር። ምንም የለም። ሞት እንደዚያ መሆኑን አላውቅም ነበር።” የኮታቸውን አንገትጌ በእጃቸው ዳሰሱ። ከዚያ፣ “ብትለቂኝ ኖሮ እናቷ ዛሬ ሁለት ሬሳ ታለቅስ ነበር። ግን ልጄ፣ ካልነቃች ፊትሽን ማየት የምችል አይመስለኝም። ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው” አሉኝ።

አልተቀየምኳቸውም። እንዲያውም ከዚያ የበለጠ እውነት የነገረኝ ሰው የለም።

ምሕረት በማግስቱ ነቃች። መጀመሪያ እናቷን አወቀች፤ ቀጥሎ ውኃ ጠየቀች። ስሜን ስትጠራ ሰምቼ በረንዳው ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። የዚያን ጠዋት ነገር ግን ከአእምሮዋ ጠፍቷል፤ አባቷ መምጣታቸውን እንኳ አታስታውስም። በብርድ የተቃጠሉት ሁለት ጣቶቿ ጫፋቸው ተቆረጠ። የተረፉትም ይንቀጠቀጣሉ። ከዚያ ወዲህ በማይክሮስኮፕ ሥር ያቺን ደቃቅ ጫፍ ቆርጣ አታውቅም።

ቤተ ሙከራው ለወራት ተዘግቶ ቆየ። ሲከፈት ታንኩ ከቤት ወጥቶ አየር እንደ ልብ በሚነፍስበት ዳስ ሥር ተቀመጠ፤ ኦክስጅን ሲያንስ የሚጮህ መሣሪያም ተገዛ። ብዙዎች የምተወው መስሏቸው ነበር፤ እኔም መስሎኝ ነበር። ተመለስኩ። ምሕረት ትታው የወጣችውን ሥራ እኔ ስሠራ፣ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ መጀመሪያ መስኮት ከፍቼ ውጭውን አያለሁ። እስከ ዛሬ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ አይወስደኝም። በክረምት እንኳ መስኮቴን ገርበብ አድርጌ ነው የምተኛው፤ ትንኙን ችዬ።

ከብልቃጥ የወጡት ችግኞች በኋላ ጫኖ ተተከሉ። አንድ ቅዳሜ ምሕረትን ልጠይቅ ስሄድ ማሳው ዳር ተቀምጠን ነበር። ሐረጉ መሬቱን ሸፍኖታል፤ ቅጠሉ ሰፊና ንጹሕ ነው። አባቷ ራቅ ብለው የመስኖ ቦይ ይጠርጋሉ። በሩ ላይ የሆነውን ከእርሳቸው ሰምታው እንደ ነበር ያን ቀን ነው የነገረችኝ።

“አባቴን ስትይዢው ምን አሰብሽ?” አለችኝ።

ልዋሻት አልቻልኩም። ያስተማርሽኝን አሰብኩ አልኳት፤ ግን ደግሞ መግባት ፈርቼ ነበር። እርሳቸውን የያዝኩት ስለማውቅ ይሁን ስለፈራሁ እስከ ዛሬ መለየት አልችልም። አንዳንድ ቀን አውቄ ነው እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ፈሪ ነሽ የሚል ድምፅ ይመጣብኛል።

ምሕረት የተጎዳ እጇን በሌላው እጇ አሸች። “እኔ አልፈራሁም ነበር” አለች። “ባላስታውሰውም አውቀዋለሁ፤ ስለለመድኩት አልፈራሁም። ለዚህ ነው የገባሁት።”

አንባቢዎቼ፣ ይህን የጻፍኩላችሁ ስለ ቤተ ሙከራ ልነግራችሁ ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችሁ ናይትሮጂን የሚባል ነገር በዐይናችሁ አታዩ ይሆናል። ነገር ግን የውኃ ጉድጓድ የምታስቆፍሩ አላችሁ፤ እህል በጉድጓድ የምታስቀምጡ አላችሁ፤ በብርድ ጊዜ ከሰል አቀጣጥላችሁ በር ዘግታችሁ የምትተኙ አላችሁ። አንዱ ጉድጓድ ገብቶ ዝም ሲል ወንድሙ ይከተለዋል፤ ወንድሙ ዝም ሲል ጎረቤት ይወርዳል። ሁሉም የገቡት በፍቅር ነው። ፍቅር ደግሞ አየር አይሆንም።

እግራችሁ ቀድሞ እንደሚሮጥ አውቃለሁ። የእኔም ሮጦ ነበር። አቁሙት። በር ክፈቱ፣ መስኮት ስበሩ፣ ሰው ጥሩ፣ ገመድ ፈልጉ። ከጎናችሁ ያለው አባት ወይም ወንድም ሊገባ ሲታገላችሁ ያዙት። ይመታችሁ ይሆናል፣ ይሰድባችሁ ይሆናል፣ ዕድሜ ልኩን ፊታችሁን ላያይ ይችላል። ያዙት። በሕይወት ኖሮ ይርገማችሁ።